የማይዘለል ተራ

ሰዎቹ አምስት ነን። ስም አልጽፍም፤ ከእኔ ሌላ ሦስቱ አሁንም እዚሁ መቀሌ ስላሉ በመንገድ እንገናኛለን፣ ሰላምታም አላጓደልንም።

አንደኛው እኔ ነኝ። ሓድነት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተቃጠለ ዳይናሞና የውሃ ፓምፕ የምጠግንበት ባለ አንድ በር ሱቅ አለኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ከመጽሐፍ፣ ከተበላሸ ዕቃና ከሰው ስድብ ነው የተማርኩት።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም። አካውንቲንግ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመረቀችና ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። እናቷ የደሴ ሰው ስለነበረች በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ይህንንም በአማርኛ የምጽፈው ለዚያ ነው። እናቷ ከተማው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ታማ ዐረፈች።

ሦስተኛው ፕሮግራመሩ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ተመርቆ እዚያው የሚያስተምር፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት። አራተኛው የውሃ ቦቴ የሚነዳ የወሎ ሰው ነው፤ ቦቴው የራሱ ነው። መቀሌ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ትግርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፣ ከእኔና ከልጄ ጋር ግን አማርኛ ይቀናዋል። አምስተኛዋ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ባለቤቴ ስታርፍ ልጄን አርባ ቀን ሙሉ ከአጠገቧ ያስተኛቻት እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው የባለቤቴ እህት ከአዲስ አበባ በደወለች ቀን ነው። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ደመወዙ ዘጠኝ ሺህ ብር ነው፣ ልጅቷም እሷ ዘንድ እንደምትኖር ነገረችን። ልጄ ስልኩን ዘጋች። ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ ደረደረች። እኔም ፊቷን ሳላይ፣ አንድ ዓመት ስጪኝ አልኳት። ለከተማው የሚጠቅም ሥራ አስቤአለሁ፣ ሒሳቡን የምትይዥው አንቺ ነሽ፣ ዓመቱ ሞልቶ ካልሆነ በገዛ እጄ አውቶቡስ አሳፍርሻለሁ።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ለከተማው የሚጠቅም ሥራ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ። ሲመሽ በሩን ከውስጥ ስቆልፍ ማንንም «ገባሽ ወይ» ብዬ የማልጠይቅበትን ቀን ፈራሁ። ፈራሁ ብሎ መናገር ስላልቻልኩ ድርጅት አቋቋምኩ።

እሷም «እሺ፣ አቦይ» አለች፤ አባቴ ስትል በትግርኛ የምትጠራኝ እንዲህ ነው። ለአክስቷ ደውላ ይቅርብኝ ያለቻት በነጋታው ነው።

በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ቀጠሮ አያከብርም። ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠፋል። የቸገረው ሰው ቦቴ ይጠራል፤ ቦቴ ለመጥራት ግን ወይ የሹፌር ስልክ ወይ ደላላ ማወቅ አለበት። ደላላው ደግሞ ቀድሞ የጠየቀውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጨምሮ የከፈለውን ያስቀድማል። ፓምፕ ሊያሠሩ ወደ ሱቄ የሚመጡ ሰዎች የሚያወሩት ይህንኑ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ፣ በተዘጋንበት ወራት፣ በውሃ ሰልፍ ላይ ጉልበተኛው ጀሪካኑን ከፊት ሲያኖር፣ አሮጊቷ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ ተራ የሚባለውን ነገር እንደ ቀልድ አላየውም።

አንድ ደንበኛ አዲስ አበባ ሄዶ ታክሲ በስልኩ እንዴት እንደጠራ አሳየኝ። መኪናው በካርታው ላይ እንደ ጉንዳን ሲሄድ ይታያል። ታክሲ እንዲህ ከተጠራ ቦቴ የማይጠራበት ምክንያት አልታየኝም። ሰው ስልኩን ይነካል፣ ተራው ስንተኛ እንደሆነ ያያል፣ ቦቴው የት እንደደረሰ ያያል። ደላላ የለም፣ መጋፋት የለም።

ስለ አፕ ምንም አላውቅም ነበር። ይህ አላሳፈረኝም። ስለ ፓምፕም አላውቅም ነበር፤ አንድ የተበላሸ ገዝቼ፣ ፈታትቼ፣ መልሼ ስገጥም ተማርኩት። አፕ ግን አይፈታም። ስልኩን ብትከፍተው የምታገኘው ባትሪ ነው። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ የስልክ ቅርጽ እየሠራሁ፣ በየገጹ «ሰው ይህን ሲነካ ይህ ይመጣል» እያልኩ አርባ አንድ ገጽ ሞላሁ። ሕጉን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ ቀድሞ ያዘዘ ቀድሞ ያገኛል፣ ተራ በማንም አይዘለልም።

ፕሮግራመሩ ደብተሩን ሲያገላብጥ ብዙ ቆየ። ከእሱ ጋር የምናወራው በትግርኛ ነው። አያ፣ ይህን ማን አሳየዎት አለኝ። ማንም አልኩት። እንግዲያው ግማሹ ሥራ አልቋል አለና ሳቀ። በመቶ ሃምሳ ሺህ ብር ተስማማን። ለሱቄ ሁለተኛ ክፍል ልጨምርበት ያጠራቀምኩትን አወጣሁ፣ አንድ ትርፍ ጄኔሬተርም ሸጥኩ።

ያለማወቄ የታየባቸውን ቀናት መደበቅ አልፈልግም። ሰርቨር ያስፈልገናል ሲለኝ ዕቃ መስሎኝ በሱቄ ግድግዳ ላይ ቦታ አዘጋጀሁለት። መደርደሪያ አስመታሁ፣ የራሱን ሶኬት ሳብኩለት፣ አይጥ እንዳይቆርጥብኝ ሽቦውን በብረት ቱቦ አሳለፍኩት። ሲመጣ አሳየሁት። ወጣቱ መደርደሪያውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሳይስቅ አንገቱን አቀረቀረ። ሰርቨሩ ሌላ አገር ነው፣ የምንከፍለው ለኪራዩ ነው አለኝ። በእጄ ለማልነካው ነገር በየዓመቱ ልከፍል መሆኑ ሁለት ቀን አናደደኝ። መደርደሪያው ላይ ልጄ የሒሳብ መዝገቦቿን አስቀመጠችበት።

አንድ ሌላ ነገር። ወጣቱ ሥራውን ሊጨርስ ሲል «አስቸኳይ» የሚል ቁልፍ ጨምሮ አሳየኝ። የታመመ ሰው ይኖራል፣ ወሊድ ይኖራል፣ ሐዘን ይኖራል አለኝ። አውጣው አልኩት። ይህ ቁልፍ ካለ ሁሉም ሰው አስቸኳይ ይሆናል፣ ሰውን አላወቅኸውም አልኩት። እንዲያውም ሕጉን አጠበቅሁት። ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ቤት ሳያደርስና እዚያው ቆሞ «ደርሷል» የሚለውን ሳይነካ የሚቀጥለው ትእዛዝ እንዳይከፈትለት፣ ይህንንም የሚሽር ሰው እንዳይኖር አዘዝኩት።

«ለእርስዎም?» አለኝ።

«ለእኔም።»

በዚህ ኮራሁ። ለራሴ ሥልጣን ያላስቀረሁ ሰው ነኝ ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ።

ሥራው ሲጀመር ሦስት ሹፌሮች ነበሩን። ለእያንዳንዳቸው ስልክ ገዛሁ። የመጀመሪያው የወሎው ሰው ነው፤ ሌሎቹን ያመጣቸውም እሱ ነው። ልጄ ቤት ለቤት እየዞረች አፑን በሰው ስልክ ላይ ጫነች። ብዙ ነገር ደብተሬ ላይ ያልነበረ ሆኖ ተገኘ። ውሃ በጣም የሚቸገሩት ሰዎች ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። ለእነሱ ልጄ በራሷ ስልክ ታዝዝላቸዋለች። ቤቶቹ ቁጥር የላቸውምና «ምልክት» የሚል ቦታ አድርገን ነበር፤ አንዱ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ውሻው ታስሯል» ብሎ ጻፈ። ሹፌሩ ሲደርስ ውሻው ተፈትቶ ጠበቀው።

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ከቀድሞ ጓደኞቼ ጋር የምንቀመጥበት ካፌ አለ። እዚያ ስገባ ዳይሬክተሩ መጣ ማለት ጀመሩ። አንዱ ስልኩን ከብርጭቆ በላይ ዘቅዝቆ እየነቀነቀ፣ ትንሽ ጨምርልኝ፣ ሞቅ ያለ ይሁን ይለኛል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ቀልድ አልችልም፤ በቁም ነገር እመልስላቸዋለሁ፣ እነሱ የባሰ ይስቃሉ። ቆይቼ መሄድ ተውኩ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። በዝቶ አልነበረም።

አፑ ይሠራ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በአራተኛው ወር በቀን ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ትእዛዝ ይገባ ነበር። ከየጉዞው ሃያ ብር እንቆርጣለን። አንዲት ሴት ሱቁ ድረስ መጥታ፣ ሀብታም ጎረቤቷ ከእሷ ኋላ ሲጠብቅ በዓይኗ እንዳየች ነግራ መርቃኝ ሄደች። ያን ቀን ዐሥር ሰው የሚያህል ቁመት ተሰማኝ።

ልጄ ግን እየራቀች ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እሷ በስልኳ፣ እኔ በስልኬ። የምንነጋገረው ስንተኛው የት ደረሰ፣ ማን ደወለ፣ ማን ሰረዘ የሚል ብቻ ነው። ስትሳሳት ሰው ፊት እገሥጻታለሁ፤ ሥርዓት ሰው አይለይም እል ነበር። ልጄን ከአጠገቤ እንዳትሄድ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ልጄን ጸሐፊዬ አደረጋት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቀና አለች።

«እማዬ ትዝ ትልሃለች? ዝናብ ሲመጣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ሁሉንም ደጅ ታወጣ ነበር» አለችኝ።

«ሁለተኛው ቦቴ የት ደረሰ?» አልኳት።

ይህን ያልኩት ስላላሳዘነኝ አይደለም። ባለቤቴ በዝናብ ውስጥ ድስት ይዛ ስትሮጥ በዓይኔ መጥታብኝ ነበር። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። እሷ ግን የሰማችው ስለ ቦቴው ነው።

በዐሥረኛው ወር የጎረቤታችን ባል ዐረፈ። ታሞ የቆየ ሰው ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ለቅሶው በግድግዳው አልፎ ተሰማን። ልጄ በነጠላዋ ሮጣ ሄደች። እኔም ሄድኩ፣ ድንኳኑን ሲተክሉ ገመድ ያዝኩ፣ ተቀምጬ አጽናናሁ። ቧንቧው ከጠፋ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ሴቶቹ ከጋሪ ጀሪካን እየገዙ ነው። ልጄ በጎረቤታችን ስም አዘዘች፤ ተራዋ ዐሥራ ዘጠነኛ ወጣ። ዐሥራ ዘጠነኛ ማለት በማግስቱ ነው።

በዚህ አገር ድንኳን የተተከለበት ቤት ውሃ አይጠብቅም። ቦቴ የሚነዳ ሰው ድንኳን ካየ መጀመሪያ እዚያ ይቀዳል፤ ማንም አይነግረውም፣ ማንም አያጉረመርምበትም። ይህን እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁት አውቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም እንጂ አውቀዋለሁ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሱቄ ተመለስኩ፤ ልጄም የሚደወለውን ስልክ ለማንሣት ተከትላኝ መጣች። የወሎው ሹፌር የሞላ ቦቴውን ደጅ አቁሞ ገባ።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን አይቼ ነው የመጣሁት። እዚያ ልቅዳና ልመለስ።»

«ከፊትህ ማን አለ?» አልኩት።

«ከፊቴማ ሰው አለ። ሐዘን ነው እንጂ ነው የምልዎት።»

ዛሬ ለጎረቤቴ ብዬ ብዘል ነገ ከደላላ በምን እለያለሁ አልኩት። ሌላውስ ሰው ምን ይላል፣ የድርጅቱ ባለቤት ለጎረቤቱ አስቀደመ አይልም ወይ አልኩ። እሱ ታግሦ ሰማኝ።

«ደላላ ገንዘብ ይቀበላል» አለ። «እዚህ ማን ምን ተቀበለ? ዋጋውንም እኔ አልቀበላቸውም፣ ወላሂ። ከአፍዎ አንድ ቃል ነው የምፈልገው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አፑ አላገደውም። የሚቀጥለው ትእዛዝ ተቆልፎበት ቢሆንም መሪው በእጁ ነው፤ ከእኔ የፈለገው ሂድ የሚል ቃል ብቻ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ልጄ ተነሥታ ቆመች።

«አቦይ፣ በእማዬ ሐዘን ቀን ውሃውን ማን አመጣው?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው። የማንንም ተራ ሳይነኩ።»

«አንተ ድንኳን ውስጥ ስለነበርክ አላየህም» አለች። «ዛሬ ባሏ የሞተባት እሷ ናት ዐሥራ ሁለት ጀሪካን ይዛ የወረደችው። ሰልፈኛው ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ አሳለፋት። በዚያ ጊዜ አሳለፋት። እኔ አብሬያት ነበርኩ።»

መልስ ያጣ ሰው ዝም ማለት ነበረበት፤ እኔ ግን፣ ተራ ተራ ነው አልኩ።

ሹፌሩ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበ። የሰጠሁትን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ባለ የፈታሁት ፓምፕ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው። ይቅርታ ጋሼ አለና ወጣ። ቦቴው ወደ ድንኳኑ ሲታጠፍ ከሱቄ ሆኜ አየሁት። ልጄም ተከትላው ወጣች።

አሁን የሆነውን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ቦቴውን በካርታው ላይ የሚያሳየው መኪናው አይደለም፣ ስልኩ ነው። ስልኩ ደግሞ እኔ ሱቅ ውስጥ ቀርቷል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አፑን ሲከፍት ያየው፣ የሞላው ቦቴ በድርጅቱ ባለቤት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። አራት ሰዓት፣ ቆሟል። ስድስት ሰዓት፣ ቆሟል። ትእዛዞቹን ወደ ሌላ ቦቴ ማዛወር የሚችል ሰው የለም፤ ለማንም ሥልጣን እንዳይሰጥ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ለፕሮግራመሩ ብደውል ስልኩ አይነሣም፤ ክፍል እያስተማረ ነበር።

ሰዎች ደወሉ። ልጄ ከድንኳኑ ተመልሳ ስልኩን ታነሣ ጀመር፤ እኔን ግን አላየችኝም። ለደወለው ሁሉ እውነቱን ነገረች፤ ቦቴው ሐዘን ቤት ሄዷል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚናገር እኔም ሰማሁት፤ ተራው አራተኛ ነበር። ሐዘን ከሆነማ እኔ ነገም ይደርሰኛል፣ ቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት አለ። ከዚያ በኋላ የደወሉትም ከዚህ የተለየ አላሉም። ሰውን አላወቅኸውም ብዬ የገሠጽኩት ወጣት ነበር ያወቀው።

ያልደወሉት ግን በሰፈር አወሩ። ሁለት ወሬ ወጣ። አንደኛው፣ ባለቤቱ የሰውን ተራ ውሃ ለራሱ ሮቶ ቀዳ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ ለሐዘን ቤት ውሃ ከለከለ የሚል። የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ መጥተው የሱቄን ባዶ ሮቶ ማየት ይችሉ ነበር። የጎዳኝ ሁለተኛው ነው። እውነትን ማስተባበል አይቻልም።

በሳምንቱ የቀሩት ሁለቱ ሹፌሮችም ተዉት። አንደኛው ስልኩን መለሰ፣ ሌላኛው አልመለሰም፤ አልጠየቅሁትምም። የሚያዝዝ ሰው በቀን ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ምንም ወረደ። እንዳ ኢየሱስ ወጥቼ ፕሮግራመሩን «ሐዘን» የሚል ቁልፍ ጨምርልኝ አልኩት። ከዩኒቨርሲቲው ዳገት ተማሪዎቹ በእግር ሲወርዱ እያየን ቆምን። በሁለት ቀን ጨመረልኝ፤ ዋጋም አልጠየቀኝም። የቀረውን ክፍያም ይተዉት አያ አለኝ። ቁልፉን አንድም ሰው ሳይነካው ቀረ።

ጎረቤታችን ከአርባው በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። በእኔ ምክንያት ሥራህ ተበላሸ አሉኝ፣ ይቅር በለኝ አለች። ጠላቴ እንዲህ አይቅጣኝ። ይቅርታውን መጠየቅ ያለብኝ እኔ መሆኔ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ይህንኑ ነው ያልኳት። እሷም አሜን ብላ ሄደች።

ልጄ በዐሥራ አንደኛው ወር ለአክስቷ ደወለች። ያ የዘጠኝ ሺህ ብር ቦታ ከተያዘ ቆይቷል፤ ሌላ፣ ያነሰ ቦታ ተገኘላት። ዓመቱ አልሞላም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በገዛ እጄ አሳፍርሻለሁ ብዬ ነበርና ሻንጣውን ተሸክሜ መናኸሪያ ወሰድኳት። በመንገድ ላይ ምክር መከርኳት፤ መታወቂያሽንና ገንዘብሽን አንድ ቦታ አታድርጊ፣ ከማታውቂው ሰው ምግብ አትቀበዪ፣ የሰው ቤት ነውና ቀድመሽ ተነሺ። ሁሉም ትክክለኛ ምክር ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ አየችኝ። ሁሉን ነግሬአት አንዱን፣ አትሂጂ ማለት የምፈልገውን፣ አልነገርኳትም። ባልላት ይሻላል ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስላልቻልኩበት ነው።

አሁን ሲመሽ በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሳህን አወጣ ነበር፤ ያ አለፈ። ራዲዮውን ከፍቼ ሳልሰማው እተኛለሁ። አንዳንዴ አፑን እከፍተዋለሁ፤ የሰርቨሩ ኪራይ የዓመት ስለተከፈለ ገና አልተዘጋም። የሰፈራችን ካርታ ይመጣል፣ መንገዶቹ ሁሉ አሉ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም። ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፦ ልጃችሁ ከአጠገባችሁ እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንዲያ ብላችሁ ንገሩት። አፋችሁ እንቢ ካለ ግን ለዚያ ብላችሁ ሥራ አትፍጠሩ። ሥራው የራሱ ሕግ ይኖረዋል፣ እናንተም ከልጃችሁ ይልቅ ሕጉን ስትጠብቁ ትገኛላችሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ የተወችውን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርጄ ደመርኩት። እኔ ለፕሮግራመሩ፣ ለሰርቨሩ፣ ለስልኮቹ፣ ለፈቃዱና ለማስታወቂያው ወረቀት ካወጣሁት ላይ አፑ ያስገባው ሲቀነስ መቶ ሰባ አንድ ሺህ ብር ነው። ፕሮግራመሩ የተወልኝ ሠላሳ ሺህ። ሹፌሩ ለድንኳኑ በነፃ የቀዳው ውሃና የድሮ ደንበኞቹን መልሶ እስኪያገኝ ድረስ ያለ ሥራ የቆመበት ዐሥራ አንድ ሺህ። ጎረቤታችን በዚያ ጠዋት ከጋሪ ያስገዛችው ጀሪካን ሰባት መቶ። ልጄ በአክስቷ መሥሪያ ቤት ልታገኝ የነበረው የዐሥራ አንድ ወር ደመወዝ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ።

ደውዬ አነበብኩላት። እሷ ሒሳብ አዋቂ ናትና ስሕተት ካለው ታርመኝ ብዬ ነው፤ ድምፅዋንም ለመስማት ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የእኔን አውጣው፣ አቦይ» አለች። «እኔ እኮ ሥራውን ብዬ አይደለም የቆየሁት። ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።»

መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እንደገና ደመርኩት፤ እሷም ስልኩን አልዘጋችም። የእሷን ግን አላወጣሁትም። ለሁላችንም በጠቅላላው ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ነው።